እንግዳ የማይጋበዝበት ድራማ

ከጦርነቱ በኋላ ደሴ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተጠርቼ ሄድኩ። የማን እንደሆነ ይቅር። መድረኩ ላይ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ናቸው። የሚሠሩት የገዛ ታሪካቸውን ነው። አንዷ ልጅ ቤታቸው ሲዘረፍ ያየችውን እያሳየች ሳለ ድምጿ ጠፋ። ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ቀረ። ከመጋረጃው ጀርባ አስተባባሪው «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» ይላታል። ፊት ለፊት የክብር እንግዶች አሉ። ቀጠለች። ተጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ለስላሳ ታደለ።

ሰሞኑን «ድራማ ሕክምና ነው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያቺ ልጅ ትመጣብኛለች። አባባሉ ልክ ነው። ያ አዳራሽ ግን ሕክምና አልነበረም።

ነገሩን በሕክምና መልክ ከጀመሩት ሰዎች ቀዳሚው ሩማንያ የተወለደው የአእምሮ ሐኪም ጄኮብ ሞሬኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቪየና ውስጥ ያለ ጽሑፍ፣ እዚያው የሚፈጠር ቲያትር ያሠራ ነበር። አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ በ1936 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የከፈተው የአእምሮ ሕክምና ቤት የራሱ መድረክ ነበረው። ዘዴው ሳይኮድራማ ይባላል። ታካሚው ስለ አባቱ አያወራም፤ አባቱን ይሆናል። ሌላ ሰው ደግሞ ታካሚውን ይሆናል። አንዳንዴ ባዶ ወንበር ይመጣል። የሌለው ሰው እዚያ እንደተቀመጠ ተቆጥሮ፣ ሳይነገረው የቀረው ሁሉ ይነገረዋል።

ለወሎ ሰው ይሄ ብዙም እንግዳ አይደለም። አጎቴ የሞተ ጊዜ አክስቴ ካፖርቱን ታቅፋ «ተነሥ እንጂ፣ እንግዳ መጥቶብሃል» ትለው ነበር። ሙሾ አውራጇ ግጥም ትሰጣለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት አንድ ድንኳን ውስጥ ነው። አክስቴ ሲብስባት ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟትና «በቃ፣ ይብቃሽ» አሏት። ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ቡና። ስታለቅስም ስትበቃም ከጎኗ ሰው ነበር። በአዳራሹ ልጅቷን «ይብቃሽ» ያላት የለም።

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ የተለቀቁት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ መሀል እንደ ወጉ ያላለቀሰ ቤት አለ። ሲተርፍም «አብሽር» ተባለ፣ «ሆድ ይፍጀው» ተባለ። ሆድ ፈጀው እንግዲህ! ዛሬ እንቅልፍ እንቢ ያለው፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጠው ስንቱ ነው።

በባለሙያ የሚመራ ድራማ በቀጥታ ቁስሉ ላይ አይዘልም። መጀመሪያ ሰውነት ይፍታታል፣ ይሳቃል። ብዙ ጊዜ የሚጀመረውም ከራስ ታሪክ ሳይሆን ከተረት ነው። ልጁ ጅብ ይሆናል፣ ወይም ከጅቡ የተደበቀች ፍየል። ፍርሃቱ የፍየሏ ነው፤ ስለዚህ ሊነካው ይችላል። ሲያልቅ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ሁሉም ምን እንደተሰማው ይናገራል። ምክር መስጠት ክልክል ነው (ለእኛ አገር ሰው ከባዱ ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም)። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ኪነ ጥበብ ለጤና ያለውን ጥቅም የሚመለከቱ ከ3,000 በላይ ጥናቶች ተቃኝተዋል። የሁሉም ጥራት እኩል ባይሆንም፣ ጉዳዩ እንዲሁ የጨዋታ ወሬ አይደለም።

ደሴ ደግሞ ባዶ እጇን አይደለችም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል አለው። ባቲና አምባሰል ብለን ቅኝት በቦታ ስም የምንጠራ ሰዎች ነን፤ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የወጣውም ከዚሁ ነው። የጎደለው ሐኪሙና ተዋናዩ አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘታቸው ነው። ቡድኑም ትንሽ ይሁን፤ ስልክ ይጠፋ፤ ማንም አይቅረጽ።

ይህን ለአንዲት የማውቃት የቲያትር አሠልጣኝ ሳነሳላት ሳቀች። «ያለ እንግዳ፣ ያለ ካሜራ? ሪፖርት እኮ ፎቶ ይፈልጋል!» አለችኝ። የሚያስፈልገው አሥር ወንበርና በሩ የሚዘጋ ክፍል ነው አልኳት። ክፍሉ አላት። ሐኪም እየፈለግን ነው።