«ከሰኞ ጀምሮ እኮ የለም»

ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰባት ሆነን ከደብረ ብርሃን ወጣን። የእህቴ ልጅ ጓደኞቿን ከአዲስ አበባ ጠርታ ነበር። የመረጡት የእግር መንገድ የአካባቢው ሰው ራሱ ለእንግዳ ያሰናዳው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለምና። ልጆቹ ስለ መንገዱ ስልካቸው ላይ ያላነበቡት ነገር የለም። ፎቶው ያምራል። «ለጉዞ ምቹ ነው» ይላል። መቼ እንደተጻፈ ግን አይናገርም።

ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን ወንዙ ጋ ደረስን። መሻገሪያው ግንድ የለም። ውሃው ደፍርሶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ጭራሮ የተሸከሙ እናት ከኋላችን መጡ።

«እማማ፣ መሻገሪያው የት ነው?» አለች የእህቴ ልጅ።

«ውይ ልጆቼ! ከሰኞ ጀምሮ እኮ የለም። ጎርፍ ወስዶታል። የነገራችሁ ሰው የለም?»

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። ቀበሌው ሁሉ ያውቃል። ገበያ የወጣ ሁሉ ሰምቷል። እረኞቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ። በኪሳችን ሰባት ስልክ ይዘን ያልሰማነው እኛ ብቻ ነን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰሜን ሸዋ ለእግር ጉዞ የተፈጠረ አገር ነው። የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ጉሬዛው። አንኮበር አለ። የመንዝ ጓሳ አለ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚታይበት፣ ጅብራ የቆመበት ሜዳ። ደብረ ብርሃን ራሷ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ሰላም ሲሆን ቅዳሜና እሁድ ሃይኪንግ የሚወጣው ወጣት ብዙ ነው። ስለነዚህ ቦታዎች ፎቶ ሞልቷል። የጎደለው የዛሬው ወሬ ነው።

የእኛ ደጋ ደግሞ ያለ ወሬ የሚገባበት አይደለም። የአዲስ አበባ ልጅ ዝናብ ሲባል ሐምሌና ነሐሴን ያስባል። መንዝ ግን በልግ የሚዘራ አገር ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሰማዩ ሲከፋ ጭቃው ጉልበት ይውጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ብራ ሆኖ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀጭን ጃኬት ይዞ የመጣ ሰው ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ያድራል። በጣርማ በር በኩል ጉም ከቆላው ሽቅብ ሲወጣ አሥር እርምጃ ፊትህ ያለው ሰው ይጠፋሃል። ገደሉም ይንሸራተታል። በ1998 ዓ.ም. ደብረ ሲና አካባቢ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። እንዲህ ባለ አገር ዓመት ያለፈው «ምቹ ነው» ሰው ያስታል።

«የመንገዱን ወሬ በየጊዜው ማሳወቅ ለገጠር ሰው አዲስ ነገር ነው» የሚለኝ አለ። አይደለም። የጓሳ ሕዝብ ሜዳውን በራሱ ሥርዓት መጠበቅ ከጀመረ ወደ 400 ዓመት ይጠጋል። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል። ሲደርስ አለቆቹ አይተው ይወስናሉ፤ የሚከፈትበት ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት ይነገራል። ማንም «አልሰማሁም» አይልም። ያ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ ቢላላም ሕዝቡ በሌላ መልክ አስቀጥሎታል። ዛሬም ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆነው ቦታ የማኅበረሰቡ ጥብቅ ስፍራ ነው። ምን ክፍት እንደሆነ፣ ምን እንደተዘጋ ማሳወቅ እዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው። ተጓዡ ግን ሕዝቡ ሲሰበሰብ እዚያ አልነበረም። ስልኩ ላይ ነው ያለው። እዚያ ይነገረው ነው የምለው።

ለዚህ ትልቅ ፕሮጀክት አያስፈልግም። አንድ የቴሌግራም ቻናል ይበቃል። ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮና ፎቶ አይከፍትም፤ ሁለት መስመር ጽሑፍ ግን ይደርሳል። መልእክቱ ቀን ይኑረው። ማን እንዳየው ይናገር። የትኛው ክፍል እንደሆነ ይለይ፤ «መንገዱ ተበላሽቷል» ሳይሆን «ከወንዙ በታች ያለው ተዘግቷል፣ በላይ በኩል ይኬዳል» ይበል። ያረጀው ይጥፋ። ይሄ የመጨረሻው ሁሌ ይረሳል፤ ከሁሉም የሚጎዳው ግን እሱ ነው። የዓምናው ማስታወቂያ ከዘንድሮው ጎን ሲቀመጥ ተጓዡ የሚፈልገውን ያምናል።

ጸሐፊው ከተማ ቢሮ የተቀመጠ ሰው መሆን የለበትም። መንገዱን በየቀኑ የሚረግጠው ስካውቱ፣ ማለትም ጠባቂው ነው። በቅሎ የሚያከራየው ነው። መጻፍ ከከበደው ቮይስ ይላክ፤ ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅም። የካርዱንና የፓኬጁን ወጪ ግን ከመግቢያ ክፍያው ይሸፍኑለት። የድሃ ሰው ኪስ ላይ የተጣለ ሥራ ሁለት ወር አይዘልቅም።

እንግዳ ከሚያስተናግዱት የአካባቢው ማኅበራት የምሰማው ስጋት አንድ ነው፦ «ተዘግቷል ካልን እንግዳ ይቀርብናል»። ይገባኛል። ከአንድ እንግዳ የምትገኝ ገንዘብ እዚያ ቤት ትልቅ ናት። ነገር ግን እነዚያ ስድስት ልጆች ወንዙ ላይ ሲመለሱ ያሉትን ሰምቻለሁ። «ሁለተኛ!» ነው ያሉት። ሐሙስ ዕለት ቢነገራቸው ኖሮ ቀን ቀይረው ይመጡ ነበር።

ሁሉም ነገር ይነገር ማለቴ ግን አይደለም። የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ያለበት ቦታ አይለጠፍ። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ ወደ 500 ገደማ ነው፤ ግርግር አይፈልግም። ይልቅ «ውሻ ይዛችሁ አትምጡ» የሚለው በየሳምንቱ ይደገም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ እነሱ እየተሻገረ ብዙ ፈጅቷልና። ስለ ጸጥታም ቻናሉ ዝርዝር ውስጥ አይግባ። «በዚህ ሳምንት እንግዳ አንቀበልም» ይበቃል። ጨዋ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ኢንተርኔት ብቻውን እንደማይታመን ደግሞ እኛ እናውቃለን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ቆየን። ስለዚህ አንድ የሚነሳ ስልክ ቁጥር ይኑር። መንገዱ መግቢያ ላይም ያንኑ መልእክት በጠመኔ የሚጽፉበት ሰሌዳ ይቁም።

ከዚያ መንገድ አስጎብኚዎች አንዱን ወጣት ኋላ ላይ ተዋወቅሁት። አሁን ሐሙስ ማታ እደውልለታለሁ። «ጋሼ፣ ግንዱን መልሰን ጥለነዋል። ከሰዓት በኋላ ጉም አለ። ጫማው ጥርስ ያለው ይሁን» አለኝ በቀደም። እንዳለ ጽፌ ለእህቴ ልጅ ላክሁላት፣ እሷም ለጓደኞቿ። የእኔን ስልክ የማያውቀው ተጓዥ ግን በዚያው ቅዳሜ ከሜክሲኮም ከመገናኛም ተነስቶ ይመጣል።