ሕልምሽን ተከተይ፤ መንገዱን እኛ እናሳይሻለን

ልጅ ፊት ቆመን የምንለው ሲጠፋን ሁላችንም የምንመዛት ጥያቄ አንድ ናት፦ "ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?" ከአዋቂ ጋር ጨዋታ ሲደርቅብን ስለ አየሩ እናወራለን፤ ከልጅ ጋር ሲደርቅብን ስለ ሙያ ምርጫ። ዕድሜውን ሙሉ የማይወደው መሥሪያ ቤት ሲመላለስ የኖረ ሰው፣ የጫማዋን ግራና ቀኝ ገና ያልለየች ሕፃን ፊት ቁጢጥ ብሎ የሕይወት ዕቅዷን ይመረምራታል።

ምርመራ ያልኩት በምክንያት ነው። መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ዶክተር ካለች ይጨበጨባል፣ ፓይለት ካለች ትሳማለች። ሌላ ካለች ደግሞ ጥያቄው በደንብ አልገባትም ተብሎ ይደገምላታል።

የአንድ ወዳጄ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። ሰው በተሰበሰበበት አጎቷ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይህንኑ ጠየቃት።

"የቆሻሻ መኪናዋን ሴትዮ" አለች።

"የምኗን?"

"ከኋላ ቆማ የምትሄደዋን። መኪናው ሲሄድ እኮ በአንድ እጇ ብቻ ነው የምትይዘው!"

ሳሎኑ ጭጭ አለ። እናት ፊቷ ቀላ፤ "ኧረ እሷ ዶክተር ነው የምትለው! ሰው ሲያይ ነው እንዲህ የሚያደርጋት" አለች፣ ልጅቷ የተሳደበች ይመስል። አጎት ነገሩን ለማብረድ ገባ፦

"የኔ ቆንጆ፣ ዶክተርም ሆነሽ እኮ በመኪና መሄድ ትችያለሽ።"

"ቆሜ?"

አጎት ዝም። የሕክምና ሙያ ብዙ ጥቅማ ጥቅም ቢኖረውም ይኼኛው የለበትም። ልጅቷ ያን ዕለት የለበሰችው ቲሸርት ደረቱ ላይ በሚያብረቀርቅ ፊደል "ሕልምሽን ተከተይ" ይላል። መርጣ የገዛችላት ደግሞ እናቷ ናት።

አዋቂዎች በትንቢት በኩል ያለን ታሪክ እንዲህ በልበ ሙሉነት የሚያናግር አይደለም። አሜሪካዊቷ ሜይ ጀሚሰን መዋዕለ ሕፃናት ሳለች ሳይንቲስት መሆን እንደምትፈልግ ብትናገር፣ መምህሯ ነርስ ማለትሽ ይሆናል ብለው አረሟት። ልጅቷ አድጋ መጀመሪያ ዶክተር ሆነች፤ እሱ አልበቃ ብሏት እ.ኤ.አ. በ1992 ኢንዴቨር በተባለችው መንኮራኩር ተሳፍራ ጠፈር በመውጣት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። እንግሊዛዊው ጆን ገርደንም ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ሳይንቲስት የመሆን ሐሳቡ መሳቂያ እንደሆነና ለእሱም ለሚያስተምሩትም ጊዜ ማባከን እንደሚሆን በውጤት መግለጫው ላይ ተጻፈለት። እ.ኤ.አ. በ2012 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ያቺን ወረቀት በፍሬም አስገብቶ መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰቅሏት ኖረ፤ እኔ ብሆን አባዝቼ ለየመምህራን ክፍሉ እበትናት ነበር።

ችግሩ፣ ይህን ታሪክ ወላጅ ሲሰማ ትምህርት የሚወስደው በራሱ መንገድ ነው። "አየሽ? ሕልምሽን ከተከተልሽ ኖቤል ትሸለሚያለሽ!" ይላል። ኖቤል የማያሸልም ሕልም ሕልም አይባልም ማለት ነው። የማትወደው አለቃ የሌለባት፣ ንፋስ ፊቷን እየመታት ከተማውን የምታቋርጥ ሴትዮ የምትወደስበት አንድ የማነቃቂያ ንግግር እስካሁን አልሰማሁም፤ ለአንድ ሳምንት ሥራ ብታቆም ግን ዶክተሩም ፓይለቱም ስሟን ይጠሩ ነበር።

ከሰማኋቸው እናቶች ሁሉ የማደንቀው ስለ ሕልም ንግግር ያደረገችውን አይደለም፤ ቺምፓንዚ በማጥናት የታወቀችውን የእንግሊዛዊቷን የጄን ጉዶልን እናት ነው። ጄን አራት ዓመት ገደማ ሳለች፣ ዶሮ እንቁላል ከየት በኩል እንደምታወጣ ማንም አጥጋቢ መልስ ስላልሰጣት፣ ዶሮ ቤት ገብታ ጭድ ውስጥ ተደብቃ ለሰዓታት ጠበቀች። ቤተሰቡ አገር ምድሩን ሲያስስ ዋለ፤ ለፖሊስም ተነገረ። ልጅቷ ጭድ በጭድ ሆና ስትመጣ እኛ ብንሆን የምንለው ይታወቃል፦ "የት ነበርሽ አንቺ?! ልትገድይን ነው? ልብስሽን ደግሞ እዪው!" እናቷ ግን ዓይኗን አየችና ቁጭ ብላ፣ እንቁላሉ እንዴት እንደወጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጠች። እ.ኤ.አ. በ1960 ጄን ቺምፓንዚ ልታጠና በዛሬዋ ታንዛኒያ ወዳለው ጎምቤ ጫካ ልትገባ ስትል ባለሥልጣናቱ ብቻዋን አትሄድም አሉ፤ እናት ሻንጣዋን ይዛ አብራ ድንኳን ገባች። ቲሸርት ስለመግዛቷ የተጻፈ ነገር አላየሁም።

ሕልሙስ እሺ፤ ልጁ ሲያድግ ይረሳዋል ብለን እንጽናናለን። የሚያስቸግረን እምነት ያለው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 14 ልጅ የሐሳብ፣ የሕሊናና የሃይማኖት ነፃነት አለው ይላል። የዓለም መንግሥታት ከሞላ ጎደል በሙሉ ተቀብለውታል። መንግሥታት ምን አለባቸው፣ ጃኬቱ የእነሱ አይደለም።

የጃኬቱን ነገር ልንገራችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ "ያለህን አካፍል" እየተባለ ነው ያደገው፤ ጥፋቱ ማመኑ ነው። አንድ ቀን አዲስ ጃኬቱን ብርድ ለመታው የክፍል ጓደኛው ሰጥቶ በሸሚዝ እየተንዘፈዘፈ ቤት ገባ። እናቱ አስቀምጣ አስረዳችው፦

"ማካፈል ጥሩ ነው የኔ ጌታ። ግን የማትፈልገውን ነገር ነው የምትሰጠው።"

"እኔ የማልፈልገውን እሱ ምን ያደርግለታል?"

"አሮጌው ጃኬትህ አለ አይደል?"

"እሱማ ዚፑ አይዘጋም፤ ይበርደዋል።"

በማግስቱ እናት ራሷ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደች። የዚያኛው ልጅ እናት ጃኬቱን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ይዛው ጠብቃታለች፤ በስህተት የመጣ ስለመሰላት ልትመልሰው ነበር። "ልጄ 'ሰጠኝ' ሲለኝ እኮ አላመንኩትም ነበር" አለቻት። "እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው ያለዎት! እንዲህ አድርጎ ማን አስተማረው?"

"እኛው ነን" አለች ጎረቤቴ፣ ጃኬቱን ፌስታል ውስጥ እየከተተች። "ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንነግረዋለን።"