ከስክሪኑ በፊት መለኪያው

የሳይንስ መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ድሬዳዋ ላይ ግን በ100 አይፈላም። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች በ96 ገደማ ይፈላል። ደንገጎን ወጥተን፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፈን ሐረር ስንገባ ደግሞ ወደ 94 ይወርዳል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውን የሚጫነው ግፊትም ይቀንሳል። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ በባህር ጠለል ላይ ማለቱ ነው። ግን ስንቱ የድሬ ተማሪ ነው ይህን በዓይኑ አይቶ 12ኛ ክፍል የሚጨርሰው? ብዙው 100 ብሎ ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ 100ን አጥቁሮ ይወጣል። አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ምድጃ ቢኖር በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቅ ነበር።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ትምህርት በተወራ ቁጥር ስማርት ክላስ፣ ታብሌት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉ ቃላት ይነሳሉ። ቴክኖሎጂ ይግባ፣ እኔም እፈልጋለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የሚገዛው ዕቃ ተማሪውን የሚያስለካ ነው ወይስ የሚያሳይ ብቻ?

ይህን የምጠይቀው ፕላዝማን ስለማስታውስ ነው። በ1997 የትምህርት ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተሰቀሉ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ ሒሳቡ በሳተላይት ይመጣ ጀመር። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ገና ጥያቄውን እየተረጎመ ነው። የክፍሉ መምህር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ መሀሉን ከተማሪዎቹ ጋር ቆሞ ያያል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ጠፋ። ስርጭቱ ቀጥሎ ሄዷል፣ ማን ይመልሰዋል?

ፕላዝማ ምንም አልጠቀመም ማለት ግን ግፍ ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ልጅ ብዙ ነው። ችግሩ ማየቱ ላይ መቅረቱ ነው። ሙከራው ሁልጊዜ ይሳካል፣ ቁጥሩ ሁልጊዜ ልክ ይመጣል። ተማሪው ራሱ ለክቶ አይሳሳትም፣ ለምን እንደተሳሳተም አይፈልግም። ሳይንስ ደግሞ እዚያ ፍለጋ ውስጥ ነው ያለው። ስክሪኑ ስማርት ስለተባለ ብቻ ይህ አይቀየርም።

የሚቀይረው ምንድን ነው ለሚለኝ፣ መጀመሪያ የማነሳው በየቤቱ ያለውን ስማርት ስልክ ነው። ስልክ ውስጥ ፍጥነት መጨመሩን የሚያውቅ፣ ድምፅ የሚሰማ፣ መግነጢስ የሚለይ መሣሪያ አለ። ጀርመን አገር የሚገኘው የአኸን ዩኒቨርሲቲ ፊፎክስ የሚባል ነፃ አፕ ሠርቶ እነዚህን መለኪያ አድርጓቸዋል። አንዴ ከተጫነ ዳታ አይፈልግም። ሁለት ስልኮችን ግቢ ውስጥ በጥቂት ሜትር አራርቆ፣ ከአንዱ አጠገብ ከዚያም ከሌላው አጠገብ በማጨብጨብ የድምፅን ፍጥነት ማስላት ይቻላል። አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በድሬ የ35 ዲግሪ ሙቀት ወደ 352 ይጠጋል። የልጆቹ ቁጥር 330 ወይም 370 ቢመጣ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ያ ነው፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብለው ይከራከሩ። አቦ፣ ስልኩ እኮ ላብራቶሪ ነው! ብዙ ትምህርት ቤት ስልክ ይከለክላል፣ ምክንያቱም ይገባኛል። በመምህሩ እጅ የሚቆዩ አራት አምስት አሮጌ ስልኮች ግን ለአንድ ክፍል ይበቃሉ።

በእጅ የማይነካውን ለማየት ደግሞ ፌት የሚባሉት የኮምፒውተር ማስመሰያዎች አሉ። በ2001 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዋይመን በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመሯቸው ናቸው። ነፃ ናቸው፣ በፍላሽ ተገልብጠው ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ። ለአተም፣ ለኤሌክትሪክ ዑደት፣ ለጋዝ ግፊት ግሩም ናቸው። መንካት የሚቻለውን ነገር ግን ልጁ ይንካ።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የሚነካ ነገር ሞልቷል። የድሬ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ ቤት የለም። ሳሙና አረፋ አልሰጥ ሲል እናቶቻችን ውሃውን ይወቅሳሉ፣ እውነታቸውን ነው። ያን ቅርፊት ፍቆ አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው። ይፍለቀለቃል። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሲሚንቶ የሚሠራበት የኖራ ድንጋይም ይኸው ነው፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ድንጋዩ እዚህ ስላለ ነው። የአሲድ ትምህርት፣ የጂኦሎጂ ትምህርት፣ የከተማው ታሪክ በአንድ ሲኒ አቼቶ ይጀመራል።

ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ደግሞ ማን ይረሳል? በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ከደጋው ከጣለው ዝናብ ነው። ይህን የሚያስተምር ስክሪን የለም፣ የሚያስተምረው መለካት ነው። ወጥ ውፍረት ያለውን የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ ገልብጦ በቀሪው ጠርሙስ አፍ ላይ መክተት፣ ታቹን ጠጠርና ውሃ ሞልቶ ደልደል ማድረግ፣ ዜሮው ከውሃው ልክ እንዲጀምር አድርጎ ከጎኑ ማስመሪያ መለጠፍ። ዝናብ መለኪያ ሆነ። 10 ሚሊ ሜትር ከሞላ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሊትር ወርዷል ማለት ነው። ከደንገጎ በላይ ያሉ ትምህርት ቤቶችና የድሬ ትምህርት ቤቶች የየዕለቱን ቁጥር በቴሌግራም ቢለዋወጡስ? የበልጉ ዝናብ እንደሆነ ትምህርት ሳይዘጋ ነው የሚጥለው። ላይ ስንት ሲጥል ታች ደቻቱ እንደሚሞላ ልጆቹ ራሳቸው በግራፍ ያዩታል። እኔ በበኩሌ ከማንኛውም ታብሌት በፊት ይህን እመርጣለሁ።

ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል? መምህሩ ነው። መምህሩ ደግሞ በተጨናነቀ ክፍል፣ በተደራረበ ክፍለ ጊዜ፣ በማይበቃ ደመወዝ ነው ያለው። ሙከራ መዘጋጀት ይፈልጋል፤ ዕቃ ማጠብም ሥራ ነው። ስለዚህ በጀቱ ሲመደብ አንድ የላብ ቴክኒሺያን መቅጠር ከአንድ ስማርት ቦርድ ይቅደም። ለሳይንስ መምህራን የሙከራ ዝግጅት ሰዓት እንደ ማስተማሪያ ሰዓት ይቆጠርላቸው።

ፈተናው ካልተቀየረ ግን ይህም አይዘልቅም። ብሔራዊ ፈተናችን ምርጫ ብቻ ነው፤ የለካም ያልለካም እኩል ያጠቁራል። ኬንያ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ፈተና የተግባር ክፍል አለው፤ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራውን የሚከፍተው ለዚያ ሲል ነው። እኛ ይህን በአገር ደረጃ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚወጣው እዚሁ፣ በክልልና በከተማ ደረጃ ነው። የድሬዳዋና የሐረሪ ትምህርት ቢሮዎች በ8ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ ላይ ከልኬት የሚነሱ አምስት ጥያቄዎች ቢያስገቡ፣ ለዚያም በዓመቱ የሚሠሩ አምስት ሙከራዎችን ከመስከረም ጀምሮ ለየትምህርት ቤቱ ቢያሳውቁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቴርሞሜትር ፈላጊው ይበዛል። ዕቃውን ለመግዛት ወላጅም ኮሚቴም እጁን ይዘረጋል፤ ፈተና ላይ የሚመጣ ነገር መሆኑን አውቋልና።