ይድረስ ለክቡር አቶ መቶ እጥፍ

ይድረስ በርካሽ የርቀት መነጽር ካርቶን ላይ፣ በደማቅ ቀይ ተጽፈው ለሚኖሩት፣ መቶ እጥፍ አጎላለሁ ባዩ ለክቡር አቶ «100 ኤክስ»።

ጉዳዩ፦ ማዶውን አለማየታችንን ስለማሳወቅ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሰሜን ሸዋዎች ደህና ነን። ብርዱም ደህና ነው። ጉሙም ልማዱን አልተወም። ከፊታችን ያለው ተራራም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የሚነቃነቀው እርስዎ ባሉበት መነጽር ውስጥ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግነው በአካል ልናገኝዎ ስላልቻልን ነው። ካርቶኑ ላይ አሉ። ካርቶኑ ሲከፈት የሉም። ከውስጥ የሚወጣው አንድ ጥቁር ቱቦ፣ አንድ መጥረጊያ ጨርቅና ስንዝር የማትሞላ ባለሦስት እግር መቆሚያ ነው።

ቤተሰብዎንም በሚገባ እናውቃለን። ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ ድምፅ ማጉያ ላይ የተለጠፈው «5000 ዋት» የአጎትዎ ልጅ ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባው የስልክ ቻርጀር ላይ ያለው «50000 ሚሊአምፒር» የእህትዎ ልጅ መሆን አለበት፤ መልኩ ቁርጥ እርስዎን ነው። ዘራችሁ ትልቅ ነው። ሥራ የሚሠራ ግን እስካሁን አላገኘንም።

ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አየንዎት። ጣርማ በርን ተሻግረው ደብረ ሲና ወረዱ፤ ሸዋ ሮቢትም ደረሱ። አሁን መሐል ሜዳ ገብተዋል። የቴሌግራም ሱቆች ዘንድማ ስምዎ ከዕቃው ስም ይቀድማል። «ባለ 100 ኤክስ! እስከ ጨረቃ የሚያሳይ!» ይላሉ። ጨረቃን እኮ ያለ እርስዎም እናያታለን።

እርስዎ ከተማ ስላደጉ ላያውቁት ይችላሉና ልንገርዎ፤ በእኛ አገር «እዚያ ማዶ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ማዶው በዓይን ሲያዩት በእጅ የሚነካ ይመስላል። በእግር ሲሞክሩት ገደሉን መውረድ አለ፤ ከዚያ ወንዙ አለ፤ ከዚያ ዳገቱ። ግማሽ ቀን ይበላል። አዳኝ ስፖቲንግ ስኮፕ የሚባለውን ትልቁን ባለአንድ ዓይን መነጽር የሚገዛው ለዚህ ነው። እግሩን ሊያሳርፍ። ያ ቡናማ ነገር አውሬ ነው ወይስ ድንጋይ? ወንድ ነው ወይስ ሴት? ቀንዱ ደርሷል ወይስ ገና ነው? ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ከወሰነ በኋላ ነው የሚነሳው። ባሌና አርሲ ላይ ፈቃድ አውጥቶ የደጋ አጋዘን የሚያድን ሰው፣ ከመተኮሱ ይልቅ ቀንድ በመገመት የሚያጠፋው ጊዜ ይበልጣል።

እኛ ጋ ጓሳ ላይ ደግሞ ጥይት አይጮህም። ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋውን ያን የሣር ምድር የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለብዙ ዘመን ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። እዚያ የሚታደነው በዓይን ነው። ጭላዳው፣ ጅብራው ሥር የሚያደባው ቀይ ቀበሮ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው። በእርስዎ መነጽር ሲታይ ግን ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

አጎቴ በጉብዝናው አዳኝ ነበር። ፉከራው እስከ ዛሬ አለ፤ ጠመንጃው የለም። ልጁ አዲስ አበባ ይሠራል። አባቱን ደስ ሊያሰኝ እርስዎን ገዝቶ ላከለት። አጎቴ በርኖሱን ደርቦ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ይታያል ጋሼ?»

«ጉም።»

«ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው።»

«እንግዲያ ጉሙ ከመነጽሩ ጋር መጥቷል።»

ቆይቶ ደግሞ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ አለ። ሰስ ነው ተባለ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ሁላችንም በየተራ አየን፤ እውነትም ይንቀሳቀሳል። ችግሩ አጠገቡ ያለው ድንጋይም ይንቀሳቀሳል። ዛፉም ይንቀሳቀሳል። ገደሉ በሞላ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ ነገሩ ገባን። እርስዎ ክቡርነትዎ፣ የሚያጎሉት ማዶውን ብቻ አይደለም። የእጃችንን መንቀጥቀጥም፣ ነፋሱንም፣ የዚያችን ስንዝር መቆሚያ ድካምም በመቶ ያባዙታል።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። እውነተኛ ስኮፕ ላይ «20-60 በ80» የሚል ይጻፋል። ከ20 እስከ 60 እጥፍ ያጎላል፤ የፊት ሌንሱ ስፋት 80 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ስፋቱን ለማጉያው ሲያካፍሉት ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል። 80 ለ20 ሲካፈል 4 ሚሊሜትር። 80 ለ60 ሲካፈል 1.3 ገደማ። የሰው ዓይን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ ሲመሻሽ ከዚያ በላይ ይሰፋል። አሁን የእርስዎን እንይ። ሌንስዎ በካርቶንዎ ምስክርነት 60 ሚሊሜትር ነው። 60 ለ100 ሲካፈል 0.6። አውሬ የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። በዚያ ሰዓት አጎቴ ብሌኑን ከፍቶ ይጠብቃል፤ እርስዎ ግማሽ ሚሊሜትር ብርሃን ይዘው ይመጣሉ። ከዚህ በላይ ስስት ምን አለ?

ይባስ ብሎ ማጉያው በጨመረ ቁጥር የሚታየው ቦታ ይጠብባል። ደህና ስኮፕ እንኳ 60 እጥፍ ላይ ሲደርስ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚያሳየው ወርድ ወደ 20 ሜትር ገደማ ነው። በቁልፍ ቀዳዳ ሠርግ እንደማየት ነው። ለዚህ ነው ነገሩን የሚያውቁ አዳኞች በመጀመሪያ በ8 ወይም በ10 እጥፍ ባለሁለት ዓይን መነጽር (ባይኖኩላር) ሜዳውን የሚያስሱት። አውሬው ከተገኘ በኋላ ስኮፑን ያዞሩና በ20 ወይም በ30 እጥፍ ያጣራሉ። 60ው ላይ የሚወጡት አየሩ ሲረጋ ብቻ ነው። እርስዎ ዘንድ መርጋት የሚባል ነገር የለም።

አየሩንም አይርሱት። ከአፋፉ ላይ ሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ቁልቁል በቀትር ቢያዩ መሬቱ ይንቀለቀላል። ሙቀቱ አየሩን እያመሰው ነው። የዓለም ውዱ መነጽርም ይህን አያጸዳም። ማጉያውን ሲጨምሩ መንቀልቀሉ ይጨምራል፤ ሲቀንሱ ይሻላል። ወይም ጠዋት መምጣት ነው።

በነገራችን ላይ ጋሊሊዮ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1610 ወደ 20 እጥፍ ብቻ በሚያጎላ ቱቦ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች አየ። አጎቴ በመቶ እጥፍ የጎረቤቱን በሬ አልለየም።

ወደ መስታወቱ እንምጣ፤ እርስዎ ሁሌ የሚሸሹት ወሬ ይሄ ነው። ያልተቀባ የመስታወት ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ገደማውን ወደ ኋላ ይመልሳል። ቱቦው ውስጥ አሥር እንዲህ ያለ ገጽ ካለ ሲሶው ብርሃን ዓይን ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ዛይስ የሚባለው የጀርመን መነጽር ሠሪ ኩባንያ የፊዚክስ ሊቅ አሌክሳንደር ስማኩላ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ነጸብራቁን የሚቀንስ ስስ ሽፋን ፈለሰፈ። ጀርመኖች ለጊዜው በወታደራዊ ምስጢርነት ያዙት። ምስጢሩ ከወጣ ስንት ዘመኑ፤ እርስዎ ዘንድ ብቻ ገና አልደረሰም። እርስዎ የያዙት ያን ቀይ የሩቢ ሽፋን ነው። ሱቅ ውስጥ ያብረቀርቃል፤ ያምራል። ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ መልሶ እኛን አረንጓዴ ማዶ ያሳየናል። ጥሩ ሽፋን ሌንሱን ከፊት ሲያዩት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነው። ብዙም አይታይም። ሁሉም ገጽ ላይ በድርብርብ የተቀባ መሆን አለበት፤ የውጩ ብቻ አይበቃም።

ከዚያ ቀለም አለ። ተራ ሌንስ ቀይና ሰማያዊ ብርሃንን አንድ ቦታ ላይ አያገናኝም። ስለዚህ ሰማይ ላይ የቆመ የአውሬ ቀንድ ዙሪያውን ሐምራዊ ጥለት ይለብሳል። ኢዲ (ED) የሚባለው ልዩ መስታወት ወይም ፍሎራይት የሚባለው ማዕድን ይህን ይቀንሳል። የጃፓኑ ኩባንያ ኮዋ በፍሎራይት የታወቀ ነው። የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪና የጀርመኖቹ ዛይስና ላይካ በዚህ ዓለም መኳንንት ናቸው፤ ትልልቆቹ ብዙ ሺህ ዶላር ያስወጣሉ። በዚያ ገንዘብ መንዝ ውስጥ ስንት በግ እንደሚገዛ አጎቴ በጣቱ ሲቆጥር ጣቱ አለቀበት። መኳንንቱን ግዙ እያልኩ አይደለም። ግን እርስዎን ከመግዛት ይልቅ፣ ማጉያው 15-45 የሆነ፣ ሌንሱ 65 ሚሊሜትር የሆነ፣ መስታወቱ ጥሩ የሆነ ያገለገለ ዕቃ መፈለግ ይሻላል። ትንሽና ጥሩ፣ ከትልቅና ደብዛዛ ይበልጣል። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ይግባኝ ካለዎት ካርቶንዎ ላይ ይጻፉት።

የሸክሙም ነገር አለ። ባለ 85 ሚሊሜትር ስኮፕ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ጠንካራ መቆሚያው ሲጨመርበት እጥፍ ይሆናል። የእኛን ዳገት ይህን ተሸክሞ የሚወጣ ሰው በ65ቱ የሚረካበት ምክንያት አለው። መቆሚያው ላይ ግን መሰሰት አያዋጣም። ከመነጽሩ ዋጋ ቀንሶ መቆሚያው ላይ መጨመር ነው የሚያዋጣው፤ የአፋፉ ነፋስ ሌላ ቋንቋ አይሰማም።

የዓይን መመልከቻው ወደ ላይ የታጠፈ እንዲሆን እመክራለሁ። መቆሚያውን ዝቅ አድርጎ መትከል ይቻላል፤ ዝቅ ያለ ደግሞ ነፋስ አያወዛውዘውም። ቁመተ ረጅሙ አጎቴም፣ እረኛው ልጅም አንድ ጊዜ ተተክሎ ሳይነካ ያዩበታል። ቀጥ ያለው ለማነጣጠር ይፈጥናል፤ መኪና ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ይመቻል። እኛ መኪና የለንም።

የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው ዓይኑን ከመመልከቻው ቢያንስ 15 ሚሊሜትር አርቆ ሙሉውን ምስል ማየት መቻል አለበት። ውስጡ ደግሞ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ተሞልቶ የታሸገ ይሁን። ከመንዝ ብርድ ወጥቶ ምድጃ ወደሚነድበት ቤት ሲገባ ውጭው ላብ ያወጣል፤ እሱ ይጠረጋል። ውስጡ ካላበው ግን ማንም አይጠርገውም። የእርስዎ ውስጥ የሚያልበው ገና ቡና ሲፈላ ነው።

ለሚገዛ ሰው ሱቅ በር ላይ ቆሞ የሚሠራውን ልንገርና ቂም ይያዙብኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ያንብብ፤ መሐሉ ጠርቶ ዳሩ ከደበዘዘ ይመልስ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰማይ ላይ ያነጣጥር፤ ሽቦው ሐምራዊ ጥላ ካወጣ ይመልስ። መነጽሩን ከፊቱ በክንዱ ልክ አርቆ መመልከቻው ላይ የምትታየዋን ብሩህ ክብ ይይ፤ ክብ መሆን ሲገባት ዳርና ዳርዋ ከተቆረጠ ውስጡ ያለው፣ ምስሉን የሚያቀናው ፕሪዝም የሚባል መስታወት ርካሽ ነው። ማጉያውን እስከ መጨረሻው ያዙር፤ እዚያ ላይ ምስሉ ከጨለመና ከፈዘዘ ያ ቁጥር ለጌጥ ነው የተጻፈው። ሻጩ «ምሽት ላይ ነው እሚያምረው» ካለው ደግሞ ምሽት ላይ ይመለስና እዚያው በር ላይ ይመልከት። ሻጩ አይወደውም።

የምንጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ከካርቶኑ ውጡ አንልም፤ ቤትዎ ነው። ከፊት ለፊቱ ተነሥተው ጎን ላይ፣ «አምራች አገር» ከሚለው ሥር፣ በደቃቅ ፊደል ይቀመጡ። በለቀቁት ቦታ የሌንሱ ስፋትና የመስታወቱ ዓይነት ይጻፍበታል። ቀዩን ቀለም ለራስዎ ይያዙት።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
ማዶውን ገና ያላየ፣ ከመንዝ

ግልባጭ፦
ለ5000 ዋት፣ ባሉበት
ለ50000 ሚሊአምፒር፣ ቻርጅ ካላቸው
ለአጎቴ ልጅ፣ አዲስ አበባ፣ ደረሰኙን ካልጣለው