ቶም ኦዝቦርን ፊሊፕስን መመለሱ ልክ ነበር?

ቶም ኦዝቦርን ነብራስካ ዩኒቨርሲቲን ከ1973 እስከ 1997 በአሜሪካ ፉትቦል አሰልጥኗል። 255 ጨዋታ አሸንፎ 3 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1995 ግን የቀድሞ ፍቅረኛውን የደበደበውን ተጫዋቹን ሎውረንስ ፊሊፕስን አግዶ መልሶ አሰለፈው። "ለድል ሲል ምንም ያደርጋል" በሚለው ወቀሳ ላይ ሁለት ሰዎች እንዲህ ይከራከራሉ።

ደጋፊ፦ እኔ ስለሱ ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የተሸነፈበት ጨዋታ ነው። ጥር 1984፣ ኦሬንጅ ቦውል የሚባለው የውድድር ዓመቱ ማብቂያ ጨዋታ። አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይቀር ተጋጣሚው ማያሚ 31 ለ 30 ይመራል። ነብራስካ ገና ማስቆጠሩ ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ሙከራ አለው። ኳሷን በእግር አስመትቶ አንድ ነጥብ ቢወስድ አቻ ይወጣል፤ ያኔ ጭማሪ ሰዓት የለም፣ ቡድኑም እስከዚያ አልተሸነፈም፣ ዋንጫው እጁ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። እሱ ግን ለማሸነፍ ከባዱን፣ ሁለት ነጥብ የሚያስገኘውን ሙከራ መረጠ፣ አልተሳካም። በአቻ ዋንጫ ማንሳት ያልፈለገን ሰው "ለድል ሲል ምንም ያደርጋል" ማለት ይከብደኛል።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ እሱን እኔም አከብርለታለሁ። የ1995ቱስ? ሎውረንስ ፊሊፕስ የቀድሞ ፍቅረኛውን ደበደበ። ኦዝቦርን አገደው፣ ግን የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ መለሰው። ፍሎሪዳን 62 ለ 24 ባሸነፉበት የፍጻሜ ጨዋታም አሰለፈው። የተደበደበችው ልጅ እኮ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት! ስታዲየሙ ሙሉ ሰው ለሱ ሲያጨበጭብ ምን ይሰማት ይሆን?

ደጋፊ፦ የልጅቷን ህመም አላቃልልም። ግን ፊሊፕስ ከቤተሰቡ ተለይቶ በማሳደጊያ ያደገ ልጅ ነው፣ ኦዝቦርንም ፉትቦሉን ከነጠቅነው ሌላ የሚይዘው ነገር የለም ብሎ አመነ። ሰውዬው በትምህርት ሥነ ልቦና ዶክትሬት አለው። ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ተማሪዎችን ከመካሪ ጋር የሚያገናኝ ድርጅት የመሠረተው በ1991 ነው፣ ከዚህ ጉዳይ 4 ዓመት ቀድሞ። ለፊሊፕስ ሲል የፈጠረው ሰበብ አይደለም።

ተቃዋሚ፦ እሺ፣ ልጁን መርዳት ማለት የግድ ማሰለፍ ነው? ይማር፣ ሐኪም ይየው፣ ከቡድኑ ጋር ልምምድ ይሥራ። ማሊያው ግን ይቀመጥ። ደግሞ ቅጣቱን የወሰነው ማነው? ተጫዋቹን የሚፈልገው አሰልጣኝ ራሱ! ኦዝቦርን በ2007 ተመልሶ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ዳይሬክተር፣ ማለትም የአሰልጣኙ አለቃ ሆኗል። ያኔ በሥሩ ያለው አሰልጣኝ እንዲህ ያለ ውሳኔ ይዞ ቢሮው ቢመጣ ዝም ብሎ መቀበል ነበረበት?

ደጋፊ፦ አልነበረበትም። ውሳኔው ከአሰልጣኝ እጅ መውጣት ነበረበት፣ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ልጁን ይጣለው ግን አልልም፣ አሁንም።