ለአራቱ ኮርዶች፦ እባካችሁ የዓመት ፈቃድ ውጡ

ለክቡራን ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር እና ኤፍ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። እንደሚታወቀው እናንተ አራት ኮርዶች (ኮርድ ማለት በአንድነት የሚመቱ ድምፆች ስብስብ ነው) በ1970 በ«ሌት ኢት ቢ»፣ በ1974 በ«ኖ ውማን ኖ ክራይ»፣ በ1987 በ«ዊዝ ኦር ዊዝአውት ዩ»፣ በ2011 ደግሞ በአዴል «ሳምዋን ላይክ ዩ» አዝማች ላይ በዚሁ ቅደም ተከተል ተሰልፋችሁ አገልግላችኋል (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በመካከሉ ሥራ ፈትታችሁ እንዳልተቀመጣችሁ ሬዲዮ ይመሰክራል። አክሲስ ኦፍ ኦውሰም የሚባሉ ሦስት አውስትራሊያውያን ቀልደኞች በደርዘን የሚቆጠሩ ታዋቂ ዘፈኖችን ከእናንተ ሳይወጡ አንዱን ካንዱ እየቀጠሉ ሲዘፍኑ ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እናንተ በማግስቱ ሥራ ገባችሁ።

ስም ቀይራችሁ ስትመጡ የማናውቃችሁም አይምሰላችሁ። የ«ዊዝ ኦር ዊዝአውት ዩ» ባለቤቶች ዩቱዎች ዘንድ ዲ፣ ኤ፣ ቢ ማይነር፣ ጂ ተብላችሁ ቀረባችሁ፤ ነገር ግን ካፖውን (የጊታር ክሮችን አንድ ላይ ተጭኖ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርገውን መቆንጠጫ) ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያሰረ ጊታሪስት ጣቱ የሚይዘው ያንኑ ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ ነው። ከሰልፉ መሀል ተነስታችሁ ከማይነሩ ስትጀምሩ ደግሞ ያዘናችሁ ትመስላላችሁ። የክራንበሪስ «ዞምቢ» (1994) ኢ ማይነር፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ ነው፤ «ዴስፓሲቶ» (2017) ቢ ማይነር፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ። ሁለቱንም ወደ አንድ ቁልፍ (ወደ አንድ መነሻ ድምፅ) አምጡና አስተያዩአቸው፤ ቅንጣት ልዩነት የላቸውም። አንዱ በቦምብ ለሞቱ ሕፃናት የተዘፈነ ነው፣ ሌላው ቀስ ብሎ ስለ መዳራት። ለሠርግም ለለቅሶም አንድ ልብስ ለብሶ የሚመጣ ጎረቤት እንኳ ነጠላውን ይገለብጣል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ትመቻላችሁ። ኪቦርድ ላይ ሲ–ኢ–ጂ የያዘ ሰው ጂን ወደ ኤ ብቻ ቢያነሳ ሲ–ኢ–ኤ ሆነ፣ ማለትም ኤ ማይነር። ከዚያ ኢን ወደ ኤፍ ቢገፋት ሲ–ኤፍ–ኤ ሆነ፣ ኤፍ ማለት ነው። በሁለት ጣት እንቅስቃሴ ሦስት ኮርድ! እጅ ማንሳት የሚጠይቀው ጂ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በቢ–ዲ–ጂ ከተያዘ ጣቶቹ ብዙም አይርቁም። የአራታችሁ ድምፆች ሲደመሩ ደግሞ ሰባቱ ነጫጭ ቁልፎች አንድም ሳይቀር ይሞላሉ። ስለዚህ ዘፋኙ ከነጮቹ የትኛውን ድምፅ ቢያወጣ ከእናንተ አንዱ ይቀበለዋል። ለሰነፍ ዜማ ከዚህ የተሻለ መጠለያ አልተሠራም።

ዋናው ተንኮላችሁ ግን አለመጨረሳችሁ ነው። ጂ ውስጥ ያለችው ቢ ከሲ የምትርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ጂ በተመታ ቁጥር ጆሮ ሲን ይጠብቃል። እናንተ ኤ ማይነርን ታቀርባላችሁ። ቀጥሎ በኤፍ በኩል ወደ ሲ ትመለሳላችሁ፤ ይህም በፈረንጅ መዝሙር «አሜን» የሚባልበት ለስላሳ አወራረድ እንጂ በሩን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋው ከጂ ወደ ሲ የሚደረገው አይደለም። ነገሩ ሳያልቅ እንደገና ይጀመራል። ሂሳቡን እንሥራው፦ ለእያንዳንዱ ኮርድ አራት ምት ብንሰጥ አንድ ዙር 16 ምት ነው፤ በደቂቃ 120 ምት 8 ሰከንድ ይፈጃል። በሦስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ 22 ዙር ተኩል ትዞራላችሁ። ግማሿ ዙር ዘፋኙ ማለቂያ አጥቶ ድምፁን ቀስ በቀስ የሚያጠፋባት ናት። አቀናባሪው ኮምፒውተሩ ላይ የመጀመሪያዋን ዙር ከሠራ በኋላ የቀረው ኮፒና ፔስት ነው። ድራሙም እዚያው ተቀድቷል።

«ከዘር የወረስነው ነው» እንደምትሉ እናውቃለን። በ1706 ያረፈው ጀርመናዊው ፓኬልቤል «ካኖን» የሚባለውን ሙዚቃውን በዲ ቁልፍ ሲሠራ የቤዙ መስመር ስምንት ኖታ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኮርዶች ዲ፣ ኤ፣ ቢ ማይነር ናቸው፣ የእናንተው ናቸው። መስመሩ 28 ጊዜ ይደጋገማል። ሰውዬው ግን ከላይ ሦስት ቫዮሊን አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ በየዙሩ አዲስ ነገር እያመጣ እንዲሄድ አድርጓል። እናንተ ቤዙን ወረሳችሁ፣ ቫዮሊኖቹን ረሳችኋቸው።

አሁን ወደ አቤቱታችን። በእናንተ ጦስ ሰው ይወነጀላል። አንድ ወጣት ሁለት ዘፈን ደርቦ ያጫውትና «አያችሁ፣ ገጠመ! ሌባ!» ብሎ ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል። መግጠሙማ ይገጥማል፤ ሁለቱም እናንተ ላይ ነዋ የቆሙት! ደርቦ ማጫወት የሚያሳየው የኮርድ መመሳሰልን ብቻ ነው፣ ኮርድ ደግሞ የማንም አይደለም። መፈተን የፈለገ ግጥሙን ያውጣ፣ ኮርዱን ያጥፋ፣ ሁለቱን ዘፈን ወደ አንድ ቁልፍና አንድ ፍጥነት ያምጣ፣ ከዚያ ዜማውን ብቻ በ«ላ ላ ላ» ይዝፈነው። ጠንካራው ምት ላይ የሚያርፉት ኖታዎች እነማን ናቸው? ትንፋሹ የት ነው? የቱ ሐረግ ስንት ጊዜ ይደገማል?

የጆርጅ ሃሪሰን ጉዳይ የታየው በዚህ ዓይነት ነበር። በ1963 ቺፎንስ የዘፈኑት «ሂዝ ሶ ፋይን» ሶል–ሚ–ሬን አራት ጊዜ ይላል፣ ቀጥሎ ሶል–ላ–ዶ–ላ–ዶን አራት ጊዜ። የሃሪሰን «ማይ ስዊት ሎርድ» (1970) የመጀመሪያዋን አራት ጊዜ፣ ሁለተኛዋን ሦስት ጊዜ ብሎ በአራተኛው ቦታ ሌላ መሸጋገሪያ ያስገባል። ዳኛ ሪቻርድ ኦወን በ1976 «ሆን ብሎ አይደለም፣ ሳያውቀው ከአእምሮው ጓዳ ወጥቶበት ነው፤ ቢሆንም ተጠያቂ ነው» የሚል ፍርድ ሰጡ። ሂሳቡ 1,599,987 ዶላር ተባለ። ኋላ ላይ የ«ሂዝ ሶ ፋይን»ን መብት የገዛው የሃሪሰን የራሱ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ አለን ክላይን ሆኖ ስለተገኘ፣ ክፍያው ሰውዬው ወደገዛበት 587,000 ዶላር ወረደ። እዚህ ላይ ሰው የተያዘው በዜማ ነው።

በ2023 ኤድ ሺራን ማንሃተን ፍርድ ቤት ጊታሩን ይዞ የምስክር ወንበር ላይ የተቀመጠው ግን በአክስት ልጆቻችሁ ምክንያት ነው፤ አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ በሚባሉት (በሲ ቁልፍ ሲ፣ ኢ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ)። «ቲንኪንግ አውት ላውድ» ከ1973ቱ የማርቪን ጌይ «ሌትስ ጌት ኢት ኦን» ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ተከሰሰ፣ ጁሪው ነፃ አለው። ሳም ስሚዝና ቶም ፔቲ ደግሞ ዳኛ ፊት ሳይደርሱ በሽምግልና ጨረሱ፦ ከስሚዝ «ስቴይ ዊዝ ሚ» ለፔቲና የፔቲን ዘፈን አብሮት ለጻፈው ለጄፍ ሊን 12.5 በመቶ በነፍስ ወከፍ። ከሁሉም የሚያስቀው ጆን ፎገርቲ ነው። በ1985 ያወጣው ዘፈን በ1970 ራሱ ከጻፈው ዘፈን ጋር ተመሳሰለ ተብሎ የአሮጌው ባለመብት ኩባንያ ከሰሰው! በ1988 ጊታሩን ችሎት ይዞ ገብቶ፣ ሰው ራሱን መምሰል እንደማይከለከል አስረድቶ ረታ።

እኛ ዘንድ መመሳሰል ነውር ሆኖ አይደለም። ትዝታ ላይ ስንቱ ዘፍኗል፤ አምስቱ ድምፅ ያው ነው፣ ስሙም ከመጀመሪያው ትዝታ ተብሎ ይነገራል፣ አድማጭ የሚጠብቀው ዘፋኙ ምን እንደሚጨምርበት ነው። እዚህም እናንተን ሳንወቅስ አናልፍም። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ የሌሉበት ኤፍና ቢ ናቸው። ኪቦርዲስቱ «ትንሽ ዘመናዊ ላድርገው» ብሎ እናንተን ከሥሩ ሲያነጥፍ ኤፍ ኮርድ ኤፍን፣ ጂ ኮርድ ቢን ይዘው ይገባሉ። ቅኝቱ ሆን ብሎ የተዋቸው ሁለቱ ድምፆች በእናንተ ታዝለው ገቡ ማለት ነው። ትዝታው ያኔ የስልክ መጠበቂያ ሙዚቃ ይሆናል።

ስለሆነም የተጠራቀመ ፈቃዳችሁን እንድትወስዱ እየጠየቅን ተተኪዎችን እናቀርባለን። በኤፍ ቦታ ዲ ማይነር መሥራት ይችላል፤ ኤፍንና ኤን ስለሚጋራ ዜማው አይጎዳም። ቢ ፍላት ኮርድም ዝግጁ ነው፣ ዜማው እዚያ ቦታ ላይ ቢን የሚይዝ ከሆነ ግን ይጋጫልና ይታሰብበት። ኤፍን ኤፍ ማይነር ማድረግም ይቻላል፤ ኤ ወደ ኤ ፍላት ስትወርድ ሆድ ይባባል። ይህን ዘዴ ሬዲዮሄድ በ«ክሪፕ» (1992) በጂ ቁልፍ ተጠቅመውበታል፣ ጂ፣ ቢ፣ ሲ፣ ሲ ማይነር ብለው። ከእናንተ አመለጥን ሲሉ «ዚ ኤር ዛት አይ ብሪዝ» የሚባል ዘፈን ግቢ ውስጥ ገብተው ተገኙና የዚያ ደራሲዎች፣ አልበርት ሃሞንድና ማይክ ሄዝልዉድ፣ በክሪፕ ደራሲነት ተመዘገቡ። አደጋ የሌለበት ሥራ የለም።

ፈቃዱ የማይቻል ከሆነ፣ ቢያንስ በዘፈኑ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ከጂ ቀጥታ ወደ ሲ እንድትገቡ በትሕትና እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዲ ማይነር፣ በተጠባባቂነት እንዲዘጋጅ
ለዲሚኒሽድ ኮርዶች፣ ሥራ ማስታወቂያ ሊወጣ ስለሚችል ሰፈር እንዳይለቁ
ለካፖ፣ ማንነትን በመሸሸግ ወንጀል ተባባሪነቱ የተመዘገበ መሆኑን እንዲያውቀው
ለኤፍ በግል፣ ጀማሪ ጊታሪስቶች ስድስቱንም ክር በአንድ ጣት ሲጫኑ ስለሚደርስባቸው ጉዳት ያቀረቡት አቤቱታ ከዚህ ጋር ተያይዟል