ለራስ ጎልፍ፣ ለሰው ቅርጫት ኳስ

ጎልፍ ዳኛ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የማዘጋጃ ቤት ሜዳ ላይ የሚወጣው አማተር ራሱ መቺ፣ ራሱ ቆጣሪ፣ ራሱ ተከሳሽ፣ ራሱ ፈራጅ ነው። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ደግሞ ፊሽካ የያዙ ሦስት ዳኞች አሉት። አጠገባቸው ጠረጴዛ ላይ ቪዲዮ መመልከቻ ተቀምጧል። ይኼም አልበቃ ብሎ አራተኛ ዳኛ አለ፤ ሶፋ ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ሪሞት በእጁ ይዞ። ይህ አራተኛው ዳኛ ሌላ ሰው አይደለም፤ ያው የጠዋቱ ጎልፈኛ ነው። ጠዋት ሰባት ጊዜ መትቶ "አምስት ጻፍልኝ" ያለ ሰው፣ ማታ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ግማሽ እርምጃ አበዛ ብሎ ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

ከጎልፉ እንጀምር። ደንቡ ለሚያነበው ቀላል ነው፦ ከመነሻው መትተህ፣ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ውስጥ እስክትከታት ድረስ የሰነዘርከውን ሁሉ ትቆጥራለህ። ጉድጓዱ 18 ነው። ብዙው ሜዳ በ72 ምት እንዲያልቅ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ያ ፓር ይባላል። ቦርሳ ውስጥ ከ14 ዱላ በላይ መያዝ ክልክል ነው። አማተሩ ግን 15ኛ ዱላ አለው፤ ጫማው። ዛፍ ሥር የተወሸቀች ኳስ፣ ጓደኞች ራቅ ባሉበት ሰዓት በጫማ ጫፍ ነካ ተደርጋ ሰማይ ወደሚታይበት ትወጣለች። ከዚያ "እድለኛ ነኝ፣ ጥሩ ቦታ ላይ አገኘኋት" ይባላል።

የመጀመሪያው መነሻ ላይ የሚደረገውን ለመረዳት ቡና ሲፈላ ያየ ሰው አይቸገርም። አቦሏ ጫካ ትገባለች። "ገና አልሞቀኝም" ተብሎ ሁለተኛ ኳስ ከኪስ ይወጣል። ይኼ ማሊጋን የሚባለው ነው፤ የደንቡን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጥ አታገኘውም። ቶናዋ ውኃ ትገባለች። በረካዋ ሜዳው መሀል ቀጥ ብላ ስታርፍ፣ የምትቆጠረው እሷ ብቻ ናት፤ ያውም አንድ ተብላ። በደንቡ ቢሆን ያቺ በረካ አምስተኛ ምት ነበረች፤ ጫካውም ውኃውም አንድ አንድ ምት ያስቀጣሉ።

የጠፋች ኳስ መፈለጊያው ሦስት ደቂቃ ነው። እስከ 2018 ድረስ አምስት ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ተቀነሰ (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ካልተገኘች አንድ ምት ተቀጥተህ፣ መጀመሪያ ወደመታህበት ቦታ ተመልሰህ ትመታለህ። ከኋላ የሚጠብቅ ቡድን ካለ ይህ መንገድ ከፍርድ ቤት ደጅ ይረዝማል። ስለዚህ ኳሷ መጥፋቷ ካጠራጠረ፣ ከመነሻው ሳትለቅ ሌላ መምታት ይፈቀዳል። ነገር ግን መጠባበቂያ ኳስ መሆኗን በግልጽ መናገር አለብህ። "እስቲ አንዴ ልድገም" ብቻ ካልክ ሁለተኛዋ ሕጋዊ ኳስ ሆነች፤ የመጀመሪያዋ ኋላ ሜዳ መሀል ተኝታ ብትገኝም የሞተች ናት። አማተር ሁሉ ይህን አንቀጽ በቃሉ ያውቀዋል። ትዝ የሚለው ግን ባላጋራው የተሳሳተ ቀን ብቻ ነው።

ኳሷ ለምን ወደ ቀኝ ታጥፋ ጫካ ትገባለች? እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ እናቆየው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ነውና። ቀኝ እጅ የሆነ መቺ ዱላውን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ከቀኝ ወደ ግራ እየቆረጠ ሲያወርደው፣ የዱላው ፊት ደግሞ ከአወራረዱ አንጻር ወደ ቀኝ ተከፍቶ ሲያገኛት፣ ኳሷ ወደ ቀኝ የሚያጥፋት ሽክርክሪት ይዛ ትነሣለች። ስላይስ ይኼው ነው። አማተሩ ምን ያደርጋል? ወደ ቀኝ ስለሄደችበት ወደ ግራ ያነጣጥራል። ትከሻው ወደ ግራ ሲዞር ዱላው የባሰ ከውጭ ወደ ውስጥ ይመጣል፤ ኳሷም የባሰ ትታጠፋለች። በሚቀጥለው ጉድጓድ ይብስ ወደ ግራ ያነጣጥራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ መኪና ማቆሚያው አዙሮ ቆሞ ታገኘዋለህ። ከዚያ ጥፋቱ የዱላው ነው ተብሎ አዲስ ድራይቨር፣ ማለትም ከመነሻው የሚመታበት ረጅሙ ዱላ፣ ይገዛል። መድኃኒቱ ግን ነጻ ነው፦ ወደ ታች ስታይ የግራ እጅህ ሁለት ወይም ሦስት አንጓዎች እስኪታዩህ ድረስ አያያዝህን ወደ ቀኝ አዙር፤ ትከሻህን ከዒላማው መስመር ጋር አስተካክል፤ ዱላውንም የሚያመልጥ ሌባ እንደያዝክ አትጨብጠው። ይህን ምክር የሚሰማ የለም። ነጻ ነገር መቼ ይከበራል?

ከሁሉም በላይ አበሻ የሚራቀቅበት ግን ጊሚ ነው። ኳሷ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመች፤ ግማሽ ሜትር ቀርቷታል። "ተወው ወንድም ዓለም፣ ገብታለች!" ይባላል። ይህ ሁለት ሰው ጉድጓድ በጉድጓድ ሲፋለም ሕጋዊ ነው፤ ባላጋራ መስጠት ይችላል። ጠቅላላ ምት በሚቆጠርበት ውድድር ግን እስክትገባ ድረስ መምታት ግዴታ ነው። ይሉኝታ ግን ደንብ አያነብም። ዛሬ ግማሽ ሜትር የሰጠህ ሰው በሚቀጥለው ጉድጓድ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ቆሞ ኳሱን አይመታም፤ አንተን ያይሃል። ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ መስመሩን ያጠናል፣ አሁንም ያይሃል። ብድር በምድር ነው። ዝም ካልክ በሠርግህ ቀን አይመጣም። ከስምንት ጫማ፣ ማለትም ከሁለት ሜትር ተኩል ገደማ፣ እንጀራው ጎልፍ የሆነ ፕሮፌሽናል እንኳ ግማሹን ያህል ይስታል። አማተሩ ከዚያው ርቀት ሲስት ግን ሣሩን ይገላምጣል።

በ1925 የአሜሪካ ኦፕን ላይ ቦቢ ጆንስ የሚባል አማተር ኳሷ ሣር ውስጥ ቅንጣት ታህል ስትንቀሳቀስ አየሁ ብሎ ራሱን አንድ ምት ቀጣ። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ከሌላው ጋር እኩል ወጣ፣ በማለያያውም ተሸነፈ፤ ያቺ አንዲት ምት ባትኖር ዋንጫው የሱ ነበር። ሰዎች ሊያሞግሱት ሲመጡ፣ ባንክ አለመዝረፌን አድንቁልኝ እንደማለት ነው የሚል ነገር መለሰላቸው ይባላል። የቅዳሜው ጎልፈኛ ይህን ታሪክ በጣም ይወደዋል፤ ይተርከዋልም። ብዙ ጊዜ የሚተርከው 15ኛው ዱላ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት፣ የሰው ትኩረት እንዲበተን ነው።

ሃንዲካፕ ላይም ያው ነው፤ ይህ በውድድር ከምትህ የሚቀነስልህ ቁጥር ነው፣ ጎበዝ በሆንክ መጠን ያንሳል። ከ2020 ወዲህ ዓለም በአንድ ስሌት ነው የሚሄደው፤ ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮች ምርጦቹ 8 ተወስደው ይሰላል፤ ጣሪያው 54 ነው። ምርጦቹ ብቻ ስለሚወሰዱ ቁጥሩ የሚናገረው አብዛኛውን ቀን የምትመታውን ሳይሆን ሲሳካልህ የምትችለውን ነው፤ ጤነኛ ሰው ሃንዲካፑን የሚያገኘው ከአራት አምስት ዙር አንዴ ነው። ይኼን የማያውቅ በየሳምንቱ ያዝናል። የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለማማር ቁጥሩን ያሳንሳል፤ ሌላው ለሽልማት ያሳድጋል። ሁለተኛው ሲመዘገብ ሽባ ነው፣ የውድድሩ ዕለት አጋዘን ይሆናል።

ማታ ሆነ። የጠዋቱ ለጋስ ሰው ቴሌቪዥን ከፈተ። ልጁ ለቅጣት ምት መስመሩ ላይ ቆሟል፤ 4 ሜትር ከ57 ሳንቲ ሜትር። የኮሌጅ ተጫዋቾች ለአሥርት ዓመታት ከአሥር ሰባት ገደማ ነው የሚያስገቡት። ልጁ ሳተ። "እንዴት ይስታል? ነጻ እኮ ነው!" ይላል ከግማሽ ሜትር ላይ "ገብታለች" የተባለለት ሰው።

የወንዶቹ ጨዋታ ሁለት የ20 ደቂቃ ግማሽ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ግን ሩብ ሰዓት ቢፈጁ የሚገርመው የለም። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የተመራው ቡድን ሆን ብሎ ጥፋት ይሠራል፤ ሰዓቱ ይቆማል። በአንድ ግማሽ ከሰባተኛው ጥፋት ጀምሮ ባላጋራው ቅጣት ምት ያገኛል፤ የመጀመሪያዋን ካስገባ ሁለተኛ ይጨመርለታል። ከአሥረኛው ወዲህ ሁለቱም የተሰጡ ናቸው። ልጁ ይስታል ብለህ ትጸልያለህ፣ ኳሷን ትነጥቃለህ፣ ሮጠህ ሦስት ነጥብ ትሞክራለህ፣ እንደገና ጥፋት ትሠራለህ። መሀል ላይ ዕረፍት ይጠራል፣ ማስታወቂያ ይገባል፣ ዳኞቹ ቪዲዮ ሊያዩ ይሄዳሉ። ሰውየው ይንጨረጨራል፤ "ሁለት ደቂቃ እንዴት ሩብ ሰዓት ይፈጃል?" ይላል። ባለቤቱ ግን ዝም ብላ ታየዋለች። እሑድ ሰው ቤት ተጠርተው "በሉ እንግዲህ እንሂድ" ያለው በሦስት ሰዓት ነበር። ሶፋው ላይ አንድ ጊዜ፣ በሩ ላይ ሁለት ጊዜ፣ መኪናው መስኮት ላይ አንድ ጊዜ ተሰናብቶ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ "ለመሆኑ የዚያ ነገር ምን ደረሰ?" ብሎ ዕረፍት የጠራው እሱ ነው። ሲወጡ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ማርች ሲገባ ደግሞ ብራኬት አለ፤ የኮሌጆቹን የጥሎ ማለፍ ውድድር ማን ማንን እንደሚጥል አስቀድመህ የምትሞላበት ወረቀት። ከ2011 ጀምሮ 68 ቡድን ሲገባ ቆይቷል፤ ድልድሉ እሑድ ማታ ይነገራል፣ ሐሙስ እኩለ ቀን ገደማ ዋናው ጨዋታ ሲጀምር ወረቀትህ ተሞልቶ ማለቅ አለበት። አበሻ የሚበዛበት መሥሪያ ቤት ይህን ወዲያው ዕቁብ ነው ብሎ ይረዳዋል፤ እያንዳንዱ ያዋጣል፣ ጸሐፊ ይሰየማል፣ ሳያዋጣ የሚገባ አንድ ሰው አይጠፋም። ልዩነቱ በዕቁብ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል፤ እዚህ አንዱ ይበላል፣ ሌላው እስከሚቀጥለው ዓመት ይሰደባል። ከማጣሪያው በኋላ ያሉትን 63 ጨዋታዎች የመሙያው መንገድ ብዛት ከ9 ቀጥሎ 18 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ ትክክሉ አንዱ ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ።

ለማሸነፍ የሚፈልግ ሰው ነጥቡን መጀመሪያ ይይ። በተለመደው አቆጣጠር በየዙሩ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 ነው፤ አንድ ሻምፒዮን በትክክል መገመት የመጀመሪያውን ዙር ጨዋታዎች ሁሉ ከማግኘት እኩል ነው። ውድድሩ ወደ 64 ቡድን ካደገበት ከ1985 ወዲህ ከግማሽ በላይ ዋንጫ የወሰዱት በየምድቡ አንደኛ ተብለው የገቡት ናቸው፤ ከሁሉም ዝቅ ብሎ የበላው ያኔው በ1985 ከስምንተኛ ደረጃ የመጣው ቪላኖቫ ነው። ስለዚህ ለጉራ ብሎ 12ኛውን ሻምፒዮን ማድረግ መዋጮውን ለድሃ መስጠት ነው፣ ያውም ጽድቅ የሌለበት። 12ኛው 5ኛውን መጣል ግን የተለመደ ነው፣ ከሦስት አንዴ ገደማ፤ ከአራቱ ምድቦች አንድ ወይም ሁለት ምረጥና እዚያ ላይ ተወው።

ይህን ሁሉ ያጠና ሰው በ2018 ምን እንደገጠመው ማንም ያውቃል። ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ሰዓት የማይሞላው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ፣ ከቅርጫት ኳሱ ይልቅ በቼዝ ቡድኑ ይታወቅ የነበረው፣ 16ኛ ሆኖ ገብቶ አንደኛውን ቨርጂኒያን 74 ለ 54 ቀጣው። በወንዶች ታይቶ አይታወቅም ነበር። የአንዱ ቡድን መለያ ውሻ፣ የሌላው ፈረሰኛ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ "ውሻ ደስ ይለኛል" ብላ የምትሞላ አንዲት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ አትጠፋም፤ በዚያች ሌሊት ሊቃውንቱ ሁሉ ስታቲስቲካቸውን ይዘው ተኮራመቱ። ቨርጂኒያ በዓመቱ ተመልሶ ዋንጫውን በላ፤ በውርደት ጊዜ ጥሎት የሄደው ደጋፊም ከፊት ወንበር ላይ ተገኘ።

ሊቁ ግን አይሸነፍም። አንድ ወረቀት አይደለም የሚሞላው፤ አምስት ነው። አንዱ የልብ፣ አንዱ የኪስ፣ አንዱ ለአማች፣ ሁለቱ "ለማንኛውም"። አራቱ ተቀደው ይጣላሉ፤ አንዷ ላይ የተሳካች አንዲት ጨዋታ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ "ብያችሁ አልነበር?" ስትባል ትከርማለች። በረካዋ ብቻ ናት የምትቆጠረው።

ፋሲካ ካልን፣ ይህ ውድድር አብዛኛውን ዓመት ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ስፖርት ባር ውስጥ ጓደኛው የዶሮ ክንፍ ሲግጥ ጾመኛው ድንች ጥብስ ያዝዛል። ድንቹና ክንፉ በአንድ ዘይት መጠበሳቸውን አይጠይቅም፤ አስተናጋጇም አትነግረውም። ጊሚ ነው። ጎረቤቱ ቡናው ላይ ወተት ጠብ ሲያደርግ ግን ቪዲዮ ይታይ ይላል።

ከ2021 ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከስማቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ከ2025 ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ይከፍሏቸዋል። ልጆቹም የተሻለ ወደከፈለ ይሄዳሉ። "ታማኝነት ጠፋ!" ይላል ሶፋው፤ በስድስት ዓመት አራት መሥሪያ ቤት የቀየረው፣ አንዱንም በቴክስት መልእክት የለቀቀው።

እንዲህ እያለ አርብ ይደርሳል። ስልክ ይደወላል።

"ጋሼ፣ ነገ በ2 ሰዓት ነው የተያዘልን። እንዳይረፍድብዎ።"

"እሺ። በአበሻ ነው በፈረንጅ?"

"በአበሻ ነዋ ጋሼ። ጠዋት። ባለፈው በፈረንጅ አስበውት ከሰዓት መጡ እኮ።"

"እኔማ በሰዓቴ ነው የመጣሁት። እናንተ ናችሁ ስድስት ሰዓት የቀደማችሁ።"